የአውሮፕላኑን ዋጋ አይቻለሁ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። የጓሮው በር በረዶ ይዞት አልከፈት አለ፤ ቨርን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። ወንዙ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። በዚህ ብርድ በረዶ ቆፍሮ ቀዳዳ ላይ መቀመጥ… ምኑ ነው ደስ የሚለው? አርባ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ አልገባኝም።

የሽርሽር ክለባችን ነጥብ ማርች መጨረሻ ላይ ይቃጠላል። ያው በየዓመቱ ከፍለን፣ በነጥባችን አንድ ሳምንት የሆነ ቦታ የምናርፍበት። አምና በእህቴ ባል በኤልዊን ሕመምና ቀብር ምክንያት አልሄድንም፤ ስለዚህ የሁለት ዓመት ነጥብ ተጠራቅሟል።

ቨርን ቦት ጫማውን እያሰረ፦ «መጀመሪያ የአውሮፕላኑን ዋጋ እዪ። ከዛ ክፍሉን ያዢ።»

«እሺ።»

«እሺ ብለሽ እንዳትረሺ።»

«ልጅ አደረግከኝ እንዴ?»

እሱ እንደወጣ ክለቡ ጋ ደወልኩ። ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ልጅቷ ድምጿ እንደ ማር። ሐዋይ፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ባሕሩ ፊት ለፊት፣ ከማርች ስምንት እስከ አሥራ አምስት። «አንድ ብቻ ነው የቀረው፤ አሁን ሌላ ሰው እያየው ነው» አለችኝ። ሌላ ሰው! የኔን ባሕር! «ያዢልኝ» አልኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ቨርን ሁለት ዓሣ ይዞ መጣ። ስነግረው ደስ አለው። ከዛ፦ «የአውሮፕላኑን ዋጋ አየሽው?»

«አይቻለሁ።»

ለምን እንደዛ አልኩ? ነገ ጠዋት አየዋለሁ፣ ያው ነው ብዬ ነው። አንዲት ቃል ናት።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

አርዲስ ጋ ደወልኩ። ኤልዊን ከሞተባት ወዲህ እህቴ ቆማ ነው የምትበላው። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ማዘጋጀት ምን ያደርጋል ትላለች። ቢስማርክ ከተማ ውስጥ፣ ያ ትልቅ ቤት፣ ብቻዋን።

«ሐዋይ ትሄጃለሽ ከኛ ጋር። ትኬትሽን እኔና ቨርን እንችላለን።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዛ፦ «አሥራ አራተኛው ቀን እዛ ነን?»

«እዛ ነን።»

ማልቀስ ጀመረች። ቀጥሎ ሳቀች። «የዋና ልብስ ልገዛ ነው፣ በሰባ አንድ ዓመቴ! እግዚአብሔር ይስጥሽ ማርሊስ!»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ማርች አሥራ አራት… ኤልዊን የሞተበት ቀን። እንዴት ይረሳል? እሷ ግን አስቤበት ያደረግኩት መሰላት። ይምሰላት ብዬ ተውኩት።

ዋጋውን ዛሬም አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18

አየሁት።

አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ዶላር። የሦስታችን መስሎኝ ነበር። የአንድ ሰው ነው።

በጭንቅላቴ የነበረው ስድስት መቶ ነው። ያ ደግሞ የመጨረሻ ጊዜ ስንበር የነበረው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ደግሞ ያ ሳምንት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ነው፤ አገሩ ሁሉ ልጆቹን ይዞ የሚበርበት። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቼ፣ ትምህርት ቤት መቼ እንደሚዘጋ ረሳሁ!

ቨርን በኋላዬ አለፈ። «ምን እያየሽ ነው?»

«የአየር ሁኔታ።»

እሁድ፣ ጃንዋሪ 19

ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም አንድ ላይ ኃጢአታችንን ስንናዘዝ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ቨርን አጠገቤ ነበር፣ ጮክ ብሎ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

ይወርዳል ብዬ በየቀኑ ሳየው ወጣ። አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥር።

አንድ ርካሽ አገኘሁ። ሦስት ቦታ መቀየር፣ ሠላሳ አንድ ሰዓት፣ አንዱን ሌሊት ወንበር ላይ። የአርዲስን ወገብ አሰብኩ። አይሆንም።

ክለቡ ጋ ደወልኩ። ሌላ ልጅ ነች፤ ማሩ የለም። ከስልሳ ቀን ያነሰ ሲቀረው ብሰርዝ ግማሹ ነጥብ ይቃጠላል አለችኝ። «የያዝሽው ዕለትም እኮ ሃምሳ ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረው» አለች። ያን ጊዜ ማን ነገረኝ? …ማንን ጠየቅኩና?

ከሰዓት አርዲስ ፎቶ ላከች። የዋና ልብሱን በሹራቧ ላይ ደርባ ለብሳ፣ መስታወት ፊት ቆማ። ሰማያዊ፣ ትልልቅ አበባ ያለው። ሳቅኩ። ከዛ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ለቨርን ልንገረው? ስለ ገንዘቡ አይደለም የምፈራው። «አይቻለሁ» ያልኩትን ነው። ዓይኑን እያየሁ ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

ዛሬ ያደረግኩትን ሳልጽፍ አልተኛም።

ለአርዲስ እውነቱን ልነግራት ደወልኩ። ወረቀት ላይ ሁሉ ጽፌው ነበር። አንሥታ «ሻንጣዬን አወረድኩት እኮ!» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው፦ «ቨርን… ልቡ ትንሽ… ሐኪሙ አውሮፕላን እንዳትሳፈር ብሎታል።»

ከየት መጣ? የቨርን አባት በልቡ ነው የሞተው፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ።

አርዲስ፦ «ውይ! ውይ ማርሊስዬ! ሐዋይ የት ይሄዳል? አንቺ እሱን ጠብቂ። በረዶ እንዳይጠርግ!» እኔን አጽናናችኝ። እኔን!

እራት ላይ ደግሞ ለቨርን፦ «አርዲስ ሐሳቧን ቀይራለች። ጤናዋም እምብዛም አይደለም። ያለሷ ደግሞ…»

ሹካውን አስቀመጠ። «ምስኪን። ልደውልላት?»

«ተወው፣ ተኝታለች።»

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ለምን ከበደ?

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 2

ቨርን ደጁን እየጠረገ ድንገት ቆመና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሳህኑ ከእጄ አመለጠ። በካልሲ በረዶው ላይ ወጣሁ።

«ምን ሆንክ? ቨርን! ምን ሆንክ?»

«መነጽሬን ነው የምፈልገው! ኪሴ ውስጥ። አንቺ ሴትዮ፣ ጫማሽ የት አለ?»

በጤነኛ ባሌ ላይ አሟርቼ… አንድ ነገር ቢሆን እኔ ነኝ የጠራሁበት።

ነገ እነግረዋለሁ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

አልነገርኩትም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ሁሉንም ልጻፈው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በረዶው እንደ ዱቄት እየተነፋ። ቨርን አካፋውን ይዞ ሊወጣ በሩን ሲከፍት አርዲስ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አርዲስ! ቅንድቧ ላይ በረዶ። በሁለት እጇ የተሸፈነ የመጋገሪያ ሳህን አቅፋለች።

«አካፋ?!» ብላ ጮኸችበት። «ምን ሆነህ ነው አካፋ የያዝከው? አስቀምጥ! ግባና ተኛ!»

ቨርን አካፋውን አየ፣ እሷን አየ። «እኔ? የታመምሽው አንቺ ነሽ አይደል እንዴ?»

«ማን ነው የታመመው? ዘጠኝ ሰዓት ነድቼ የመጣሁት ላንተ ልብ ነው!»

«ልቤ ምን ሆነ?»

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ድስት ማማሰያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሌላ ውሸት አልመጣልኝም። ፈልጌ ነበር፤ ይህንንም ልጻፈው፣ ፈልጌ ነበር። ግን ባዶ።

ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን፣ አርዲስ ካፖርቷን ሳታወልቅ። ነገርኳቸው። ልጅቷን፣ ሌላ ሰው እያየው ነው ያለችውን፣ «አይቻለሁ» ያልኩትን፣ ዋጋውን፣ ሁለቱን ውሸቶች። የማርች አሥራ አራትንም። «ቀኑን አስቤ አይደለም የያዝኩት አርዲስ። ረስቼው ነበር።» ይቺ ከሁሉም ከበደችኝ።

አርዲስ ተነሣች። ሳህኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባች፤ ቱናና ፓስታ ነው፣ ቨርን የሚወደው፣ ለልቡ ብላ ያለ ጨው የጋገረችው። ከዛ ወደ እንግዳ ክፍል ሄደች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ምነው በኃይል በዘጋችው ኖሮ።

ቨርን፦ «ገንዘብ ከሆነ፣ ውድ ነው ብትይኝ እኮ ውድ ነው ብዬ እተወው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«በአባቴ በሽታ?»

አካፋውን አንሥቶ ወጣ። የኛን ጨርሶ የጎረቤቶቻችንን ሁሉ ጠረገ።

ለካ መኪናዋ መንገድ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አንድ ገበሬ ነው በትራክተር ጎትቶ ያወጣት። ይህን የነገረችው ለቨርን ነው። እኔ ከኮሪደሩ ሰማሁ። እህቴን ልገድላት ነበር።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

አውራ ጎዳናው ተዘግቷል። ባይዘጋ ትሄድ ነበር።

ሦስታችንም ጨው የሌለው ፓስታ በላን። ጨው አቀብዪኝ የሚል እንኳ የለም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

መንገዱ ትናንት ተከፈተ። አርዲስ አልሄደችም። እኔም ለምን አልሄድሽም አላልኩ።

ጠዋት ዕቃ እያጠብኩ መጥታ ፎጣ አነሣች። ማድረቅ ጀመረች። ስድስት ሳህን ያህል አደረቀች።

«ሐዋይ ማን ጠየቀሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ማንም።»

«ደስ ያለኝ ለሐዋይ መሰለሽ? እኔ ያን ቀን እዛ ቤት መሆን አልፈለግኩም። በቃ። እናንተ ምድር ቤት ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ብትሉኝ እመጣ ነበር።»

«አርዲስ፣ በጣም…»

«አላለቀም። ተናድጃለሁ። ገና እናደዳለሁ። ይቺ ማንኪያ በደንብ አልታጠበችም።»

መልሼ አጠብኳት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ቨርን ቁርስ ላይ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጦ፣ «ደውዪ። ድምፁን ክፈቺው። ሁላችንም እንስማ» አለ። ከረቡዕ ወዲህ ለኔ የተናገረው ረጅሙ ነገር።

ሐዋይን ሰረዝኩ። ግማሹ ነጥብ ተቃጠለ። በተረፈው አራት ሌሊት ዴልስ የሚባለው የሙቀት ጊዜ መዝናኛ ከተማ አለ፤ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ከግማሽ። ማርች ላይ ማን ይሄዳል እዛ? በረዶና የተዘጉ አይስክሬም ቤቶች። ልጅቷ «ልያዘው?» ስትል ቨርንን አየሁት። ቨርን አርዲስን አያት።

«የሞቀ ገንዳ አለው?» አለች አርዲስ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

አለው።

ማታ ቨርን መጽሔቱን እያነበበ፣ ቀና ሳይል፦ «ሌላ ያልነገርሽኝ አለ?»

አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ። «የቀዳዳ ዓሣ ማጥመድህ ምኑ እንደሚያስደስት ገብቶኝ አያውቅም። ገብቶኛል የምልህ ውሸቴን ነው።»

መጽሔቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። የሳቀ መሰለኝ። ይቅር አለኝ ማለት ግን አይደለም። ይቅርታው አርዲስ በሩን እንደዘጋችው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ።

ዓርብ፣ ማርች 14

ዴልስ። ከመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያና አንድ የፕላስቲክ ዳይኖሰር፣ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ።

ጠዋት አርዲስ ምንም አልበላችም። ቨርን አይብ ልግዛ ብሎ ወጣ፤ ሆን ብሎ ነው። እኛ ገንዳው ውስጥ ገባን። ማንም የለም። እንፋሎቱ እስከ ጣሪያ።

ኤልዊን የሞተው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። ሁለታችንም እያየነው እንዳላየን ሆንን።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ አርዲስ፦ «እጁን ይዤው ነበር ብዬ ነግሬያችሁ ነበር።»

«አዎ።» በቀብሩም ላይ ፓስተሩ ተናግሮታል። የሚስቱ እጅ በእጁ ውስጥ እንዳለ…

«አልያዝኩትም። ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ካፍቴሪያ ነበርኩ። ራበኝ። ሁለት ቀን አልበላሁም ነበር። አሥር ደቂቃ ብዬ ወረድኩ። አንድ ቁራጭ ጣፋጭ ፓይ አዘዝኩ። ሲደውሉልኝ አፌ ሙሉ ነበር።» ውሃውን በመዳፏ ትቀዝፈዋለች፣ ወዲህና ወዲያ። «ዓመት ሙሉ ለሁሉም ሰው እጁን ይዤው ነበር እላለሁ። ያን ቀን ወጥ ቤት ስትናገሪ ተናድጄ ነበር፤ ግን ደግሞ ቀናሁብሽ። እንደዛ አፍረጥርጦ መናገር። እኔስ መቼ ነው አልኩ።»

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር መጣልኝ፦ አንቺ ምን ታደርጊ፣ እሱ አላወቀም፣ ይቅር ብሎሻል… እኔ ምን አውቄ? የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት አይበቃኝም? ዘጋሁት።

ከዛ፦ «የምን ፓይ ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። «የቼሪ።»

«ጥሩ ነበር?»

«በጣም ጥሩ ነበር ማርሊስ» አለች። «በሕይወቴ እንደዛ የጣፈጠ በልቼ አላውቅም።» እናም ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፣ ጮክ ብላ፤ ባዶው አዳራሽ መልሶ እያስተጋባው። አላቋረጥኳትም።

ቨርን ሲመጣ ራሷ ነገረችው። ካፖርቱን እንደለበሰ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው ሰማት።

ከዛ ሦስታችንም ምሳ በላን። አርዲስ ተቀምጣ።