ሒሳብ በሦስት ሲባዛ

ውድ ሚዛኔ፣

ከቀበርንሽ አራተኛ ወራችን ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኛል። ይበለኛ! ደስታዬን ለማን ላውራው? ለባሌ ብነግረው «እስቲ ትንሽ ጋደም በይ» ነው የሚለኝ።

ወንበርሽን ማንም አልወሰደውም። የኮሌጃችን ደንብም ያው ነው፤ የእያንዳንዱን አመልካች የመግቢያ ፈተና ውጤት ሁለት ሰው ሳይተያይ ያሰላና ወረቀቱን በየሳጥኑ ይከታል። «ሰው እስኪቀጠር ሁለቱንም አንቺው ሥሪ» አለኝ ሬጅስትራሩ።

«አለቃ፣ ተሳሳቿም ራሴ፣ ያዧም ራሴ ልሁን?»

«ተጠንቀቂ ታዲያ» ብሎኝ ሄደ። የት አውቆ! ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠነቀቅኩት አንቺን ፈርቼ ነው። አንዲት ነጥብ ብስት «ሂጂ ፊትሽን ታጠቢና ነይ» ትይኝ የለ? ሚዛን ያሉሽ በከንቱ አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ የልጅሽ ማመልከቻ መጣ። ምህንድስና ነው የሞላችው፤ ድልድይ ካልሠራሁ ያለችው እንደሆነ ጥርሷን ሳትነቅል ነው። ውጤቷን ሳየው ሆዴ ባባ። ንባብ ዘጠና አራት፣ ጽሑፍ ዘጠና፣ ሒሳብ ስልሳ አንድ። በፈተናው ሰሞን አልጋሽ ሥር ቁጭ ብላ ስታስታምምሽ እንደከረመች እኔ አውቃለሁ፤ ወረቀት ግን ይሄን አያውቅም። ምህንድስና ደግሞ ሒሳቡን በሦስት ያባዛል፣ ሌሎቹን እንዳሉ ይደምራል። ሦስት መቶ ስልሳ ሰባት። መግቢያው ሦስት መቶ ሰማንያ ነው። በአሥራ ሦስት ነጥብ!

እንግዲህ ልናዘዝልሽ። ሒሳቡን በሁለት፣ ንባቡንም በሁለት አባዛሁት። ድፍን አራት መቶ መጣ። ማን ያየኛል? አንደኛውን ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ፣ ሁለተኛውን ከምሳ መልስ አደርሰዋለሁ ብዬ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ ወጣሁ።

ስመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ክፍሉ ግን በዚያ ቀትር ጉድጓድ ውስጥ የገባሁ ያህል ቀዝቅዟል። ወንበርሽ አሁን ሰው የተነሣበት ይመስል ከጠረጴዛው ሸሸት ብሏል። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ወረቀት አለ። ሦስት መቶ ስልሳ ሰባት፤ ያውም ወገቧ ላይ ሰረዝ በገባባት፣ ባንቺው ሰባት። በጣቴ ብነካው ጣቴ አረንጓዴ ሆነ። ቀለሙ አልደረቀም።

 ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ሳቅኩ! «አንቺ ሴትዮ፣ በገዛ ልጅሽም?» አልኩ ጮክ ብዬ።  ወንበሩ ሲጥ አለ።

ሬጅስትራሩ መጥቶ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

«አይገጥሙም። ይሄኛውን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ ያንቺ ሰባት አይደለም» አለኝ ዝግ ብሎ። ወደ ወንበርሽ አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። «በይ እፊቴ አስዪው።» አሰላሁ፤ ያው ያንቺው ሆነ። የኔን ቅሌት ቀዶ ጣለውና በሩ ላይ ሲደርስ፣ ዞርም ሳይል «ሁለተኛውን ሳጥን ከዛሬ ጀምሮ አትንኪው» አለኝ። አልነካሁትም። ከምሳ በተመለስኩ ቁጥር ሞልቶ አገኘዋለሁ።

ለልጅሽ መርዶውን የነገርኳት እኔ ነኝ። ኃጢአቴንም አልደበቅኳትም።

«አክስቴ፣ ብታስገቢኝስ? በኋላ ድልድዩ ሲወድቅ በንባብ ላቆመው ነው?»

«ቋንቋ ክፍል ግቢ እንግዲያው። እዚያ በሦስት የሚባዛው ንባቡ ነው፤ አንደኛ ነው የምትወጪው።»

«ለዓመቱ ድጋሚ እፈተናለሁ።» ግትር! ከማን ወረሰችው አልልም።

አሁን በየቀኑ እየመጣች አንቺ ወንበር ላይ ሒሳብ ትለማመዳለች። ትናንት ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ረስታ አብረን ምሳ ወጣን። ስንመለስ ስህተቱ ሁሉ በአረንጓዴ ታርሟል። እኔ የምገባበት ጠፋኝ፤ እሷ ግን አልጮኸችም። ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደች፣ እንባዋ ደብተሩ ላይ ጠብ አለ፣ ከዚያ ቀና ብላ «አክስቴ፣ ነገም ትቼው ልውጣ?» አለችኝ።

ይሄን ደብዳቤ ደብተሯ ውስጥ የማስቀምጥልሽ ለዚህ ነው። ማረፍ እንዳለብሽ አላጣሁትም። ግን እስከ ፈተናው ቆይልኝ፤ ከዚያ ራሴ ደጅ ድረስ ወጥቼ እሸኝሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ትናንት ስድስት ጥያቄ በትክክል ሠርታ ነበር፣ ዝም ብለሽ አለፍሻቸው። በሕይወት ሳለሽም እንዲያ ነበርሽ። እባክሽ እነሱ ሥርም ጎበዝ ብለሽ ጻፊላት።

እስክንሸኛኝ ድረስ፣
ባልንጀራሽ