ሰኔ ሃያ አንድን የነገረው ሰው

ቢቸና፣ ሐምሌ 22 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ
ሞጣ

እንዴት ከርመሻል? ሐዘኑስ እንዴት አድርጎሻል? እህል ትቀምሻለሽ? የትንሿ የባንቺዓለም ሳል ተሻላት? እኔን ሥጋዬን ብለሽ ከጠየቅሽኝ ደህና ነኝ።

ሐምዱ ለገበያ ሲመጣ ደብዳቤሽን ከሸማ ጥቅሉ መሀል አውጥቶ ከሰጠኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። የፋንታ ለቅሶ የእኛም ለቅሶ ነው ብሎኝ ዕንባውን ጠርጎ ሄደ። መልስ ያዘገየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም።

ባለቤትሽ ፋንታ በጥር ለመሬት ገማቾቹ የመለሰላቸውን እዚህም ሰው ሁሉ ያወራዋል። ጃንሆይ መሬቴን ማየት ከናፈቁ ራሳቸው ይምጡ፣ ጠላ አላሳጣቸውም አለ አሉ። ያን ጊዜ ሥቄያለሁ። ሰው የፈራው ግብሩን ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ዛሬ የተገመተ ርስት ነገ ይነጠቃል ብሎ ነው። ፋንታ ግን በንጉሡ ላይ ክፉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሹማምንቱ እውነቱን ሸሽገዋቸው ነው እንጂ ቢሰሙ ይፈርዱልናል ይል ነበር። ጠመንጃውን ያነሣ ቀንም ይህንኑ አለ።

በሰኔ ማርያም ዕለት ሽማግሌ ይመጣል ስለተባለ ጠመንጃውን ቤት ትቶ፣ ነጭ ለብሶ እንደሄደ ጽፈሽልኛል። ሽማግሌ ይመጣል ብዬ በሐምዱ የላክሁብሽ እኔ ነኝ። ከሽማግሌው ፈንታ አውሮፕላኑ በደመናው ሥር መጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መስኩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው መታ። አማትሽ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እየተባልን ኖርን፤ ሰማዩን ሲያርሱት አየን፣ እንግዲህ ሁለተኛውን ማን ይከለክላል አሉ ያልሽኝን ደጋግሜ አነበብሁት። እኛ እዚህ ከምንጽፈው ሪፖርት ሁሉ የሳቸው ቃል ይበልጣል።

ቀኑን የነገረው ሰው እንዲታወቅ አገሩ ተሰብስቦ፣ አባ ገብረ ክርስቶስ በመስቀል ገዝተዋል ብለሻል። ራሱን እስኪገልጥ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ። አንቺም አሜን ብለሻል። ከዚያ፣ አንተ የመንግሥት ቤት ሰው ነህና ማን ይመስልሃል ብለሽ ጠየቅሽኝ።

የማውቀውን ልጻፍልሽ። በግንቦት መጨረሻ የመሥሪያ ቤታችን አለቃ የናንተን አገር ልጅ፣ አንዱን ጸሐፊ ጠራው። ከደብረ ማርቆስ አስታራቂ ሽማግሌዎች ሊላኩ ነው፣ ሰዎቹን አንድ ላይ የሚያገኟቸው መቼ ነው አለው። ጸሐፊው ደስ አለው። የሰኔ ማርያም ነዋ፣ የዚያን ቀን እንኳን ጤነኛው በሽተኛውም ቤት አይውልም ብሎ መለሰ። አለቃው፣ አንተስ አገርህን ታውቃለህ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ጸሐፊው የተናገረውን በገዛ እጁ ጻፈው፤ ጽሕፈቱ ያምራል። ወረቀቱ ወደ ላይ ሄደ። ማን እጅ እንደገባ፣ ማን ምን እንዳዘዘበት አያውቅም። ከለቅሶው በኋላ ገብቶ ሲጠይቅ፣ አለቃው እኔም እንዳንተው ሽማግሌ መስሎኝ ነበር ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እውነቱን ይሁን አይሁን እንጃ። የወጣ ወረቀት አይመለስም።

አባን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ግዝቱ፣ ሳያውቅ ለደግ ብሎ የተናገረውንም ያስረዋል ወይ? ይህ ሰው ግዝቱን ከሰማ ወዲህ ሁለት እሑድ ከአጥር ውጭ ቆሞ አስቀድሷል። ከዝናቡም አልተጠለለም፤ ሰውም ልብ አላለውም።

ከዐርባው ቀርተህ እንዳታሳፍረኝ ብለሻል። ወንዙ ሞላብኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። ማክሰኞ ሐምሌ 30 እመጣለሁ። ሕዝቡ ለፍትሐቱ ሲገባ ከዋንዛው ሥር፣ ከቅጥሩ ውጭ ታዪኛለሽ። ወንድምሽ ለምን አይገባም የሚልሽ ቢኖር እግሩ ጭቃ ነው በዪው። አንቺ ግን ግባ ብለሽ አትጥሪኝ።

ለፋንታ ነፍስ ዕረፍቱን፣ ላንቺ ብርታቱን ይስጥልኝ። ልጆቹን ያሳድግልሽ። በዚህ አፌ መመረቄን ይቅር በዪኝ።

እጁን ይዘሽ ፊደል ያስቆጠርሽው
ወንድምሽ