ያላነበብኩት የመካኒኩ ወረቀት

ልጄ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልምልህ፤ እንዴት ነህልኝ? ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። በማታ ትምህርቱ ከአስተማሪው ቀጥሎ አዋቂዋ እናትህ ናት፤ እሱም ቢሆን ይፈራኛል። አጎትህ ደህና ነው፤ እሱ መኪናህን ይነዳል፣ እኔ እሱን እነዳለሁ።

ልጄ፣ አፍሬያለሁ። ባለ ቱርቦዋ አሮጌ መኪናህ ቆማ ስትሠራ እንደ ወባ በሽተኛ ስትንቀጠቀጥ፣ ሞተሯ ሲግል አልነሳም ስትል፣ «ነካክቶ ያበላሻት መካኒኩ ጓደኛህ ነው» አልኩህ። አንተም አምነኸኝ ተቀየምከው፤ ይኸው ዓመት ሙሉ አልተነጋገራችሁም።

ትናንት መኪናዋን ስጠርግ መካኒኩ ያኔ የሰጠኝን ወረቀት አግኝቼ አነበብኩት። «እማማ፣ የምትንቀጠቀጠው የአየር ቱቦዋ ተሰንጥቆ ነው፤ አዲሱን እስካመጣ ትቁም። ስትግል የማትነሳው ወደ ሞተሩ አየር በሚገፋው ቱርቦ ሙቀት ቤንዚኑ በራሱ ቱቦ ውስጥ ስለሚተን ነው፤ ኮፈኑን ከፍተው እስኪበርድ ይጠብቁ» ይላል። ያኔ «አነበቡት?» ሲለኝ «በቃሌ ይዤዋለሁ!» ብዬ አሾፍኩበት። መኪናዋንም አንድ ቀን አላቆምናትም።

ዛሬ ጋራዡ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ያ ሁሉ አፌ የት እንደገባ እንጃ። እባክህ ደውልለት። ያኔ ማንበብ አልችል እንደነበር ንገረው፤ እሱን እኔ መናገር አቃተኝ። ይቅርታውን ግን ራሴ ሄጄ እለምነዋለሁ።

ወዳጅ አያሳጣህ፣ የእኔ ጌታ።

እናትህ