በጨው አሳብቤ ሰርጌን ላፈርስ ስል

ለወንድም ጋሼ ዋይሰን፣

እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ? የጆሃንስበርግ ብርድ አልበረታብህም? እትዬ ሜሪያና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም ለመሳደብ አቅም አላነሳትም።

ነገሩን በስልክ ዘርዝሬ ያልነገርኩህ የሥራ ጓደኞችህ ሰምተው እንዳይስቁብኝ ነው። ሰርጌን ያተረፍክልኝ አንተ ነህ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከምስጋናው ጋር ቁጣም አለኝ፣ ወደታች ታገኘዋለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንቅልፌ የፈሰሰኝ ዘር ጠዋት ሳየው ዝገት ይመስላል። ሲደጋገም ጊዜ ደነገጥኩና ጀልባ ላይ አብሮኝ ዓሳ ለሚያጠምደው ለቢትዌል ነገርኩት። "ታድለህ! ልጅ ሆነን ቀይ ስንሸና 'ወንድ ሆናችሁ' ይሉን የለ? አሁን ደግሞ ጎልማሳ ሆነሃላ!" ብሎ ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን ኮስተር አለና "ወይስ እጮኛህ የወር አበባዋ ላይ ሆና ወጥህ ውስጥ ጨው ጨምራ ይሆን?" አለኝ። ሴት በዚያ ሰሞን ጨው ከጨመረች የበላው ወንድ ይታመማል ስለሚባል፣ ጨው የሚጨምረው ሌላ ሰው መሆኑ እየታወቀ!

ደሜ ፈላ። መረቡን ጥዬ እጮኛዬ ፋሌሲ ቤት ሄድኩና እናቷ ፊት "በጨው ልትገድይኝ ነው!" ብዬ ጮህኩባት። እሷ መች አፍ ታጣለች? "ጨው የጨመረችው እህቴ ናት። ደሞ አንተን ለመግደል ጨው ምን ያደርጋል? ንዴትህ ይበቃሃል" አለችኝ። ብሶብኝ ሽማግሌያችንን አጎቴ ማታውሎን "ይሂዱና ጋብቻውን ያፍርሱልኝ" አልኳቸው። እሳቸው ጫማቸውን እስኪያደርጉ ነው ለአንተ የደወልኩት። "ሰውየውን መልስ! አፍህን ዝጋና ሽንትህን አስመርምር፤ ሐይቁ ነው" አልከኝ።

እያፈርኩ ሄድኩ። የክሊኒኳ ሴትዮ ግን አልሳቀችም። የአባላዘርም የኤችአይቪም ምርመራ አደረገችልኝ፣ ከሱ ነጻ ነኝ። ሽንቴ ላይ የተገኘው ቢልሃርዝያ ነው፤ አንተ እንዳልከው ከሐይቁ ውሃ በቆዳ የሚገባ ትል። በእንጨት ቁመቴን ለካችና በቁመቴ ልክ ክኒን አስዋጠችኝ፤ ምሬቱ አይነሳ! "ቀይ መሽናት በሽታ እንጂ ወንድነት አይደለም" አለችኝ። ስንት ዘመን ኮርተንበት!

ዘር ነጣ ወይ ግራጫ ቢል፣ ወፈር ቀጠን ቢል አያስደነግጥም አለች። ደም ከታየ ግን ብቅ ማለት ነው። በእኔ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር አይሆንም፤ ከተመላለሰ፣ ሽንት ካቃጠለ፣ ትኩሳት ካለ፣ የዘር ፍሬ ካበጠ፣ ወይ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ከሸተተ ግን ዛሬ ነገ አይባልም። ከአርባ ያለፈ ሰው ደግሞ አንዴ ካየ ሁለተኛውን መጠበቅ የለበትም።

ፋሌሲም እዚያው ሐይቅ ልብስ ስለምታጥብ ተመርምራ ተገኘባትና ዋጠች። ትልቅ ቻምቦ ዓሳ ይዤ እናቷ እግር ላይ ወደቅኩ፤ ታረቅን። ሰርጉ ከኅዳሩ ዝናብ በፊት ነው።

አሁን ወደ ቁጣዬ። "አንተ በምን አወቅክ?" ስልህ "እኔም አልፎ አልፎ አያለሁ፣ ምንም አይደለም" ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። አርባ ሦስት ዓመትህ እኮ ነው! ለፋሌሲ ስነግራት "ሳይመረመር ሰርጌ ላይ ከመጣ የንሲማ ገንፎዬን አላቀርብለትም" አለች። የምትቀልድ እንዳይመስልህ። እኔን ትምህርቱን የተውኩትን ደደብ ጆሮዬን ይዘህ ክሊኒክ አስገባኸኝ። ያንተ ጆሮ ከዚህ አይደረስበትም እንጂ በጎተትኩት ነበር። ሂድ፣ ወንድም ጋሼ። ሐኪሙ ያለህን እስክትነግረኝ ሙሽራ ሆኜም አልስቅም።

እትዬ ሜሪያን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ትንሿን ታዶካን ሳምልኝ፤ ለወንድሟ ለፒሊራኒ መረብ እየሠራሁለት ነው በለው። እማዬ ትመርቅሃለች፣ አጎቴ ማታውሎም ሰላም ብለውሃል። ፋሌሲ ሰላምታዋን ከውጤትህ በኋላ ነው የምትልክልህ።

ወንድምህ ሊምባኒ
ምሳካ፣ ከሐይቁ ዳር
መስከረም ወር መጀመሪያ