ለጓድ ደረጀ መጸለይ

ሰኞ
ስድስት ቀን። ለጓድ ደረጀ ስድስት ቀን ጸልይለት አሉኝ የንስሐ አባቴ። ስሜን ከስኳር ዝርዝር ለሰረዘው የቀበሌ ካድሬ! ምን አጠፋሁ? ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ "ስኳሩ የት ነው የሚገባው?" አልኩ። አድሃሪ ተባልኩ፣ በቃ። ፊደል በራሴ ለፍቼ የለየሁ ሰው ነኝ፣ ማን ይፈራል ብዬ።

"ቂም ይዘህ አትቆርብም" አሉ አባ። እሑድ ከሚስቴ ከዘነበች ጋር ልንቆርብ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ለምናኝ አሁን ነው እሺ ያልኳት። ነጠላዋን ሁለቴ አጥባዋለች።

ማክሰኞ
ጠዋት ለጸሎት ቆምኩ። "ጌታ ሆይ፣ ደረጀን..." ከዚያ ወዲያ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ዘነበች ከመጋረጃው ጀርባ "ይሄ ጸሎት ነው ክስ?" አለችኝ። ዳዊትም በጠላቶቹ ላይ እንዲህ ነው የሚለው አልኳት።
"አንተ ዳዊት ነህ?"

ረቡዕ
አባ ጋ ሄጄ አልሆነልኝም አልኩ። "በክርስትና ስሙ ነው የጸለይክለት?" አሉ። ደረጀ ብዬ ነዋ። "እሱ የመንግሥት ስሙ ነው። የክርስትናውን ፈልግ።"

ሃይማኖት የለም ብሎ የሚያስተምረንን ሰው የክርስትና ስምህ ማነው ልበለው? "አባ፣ ሊያሳስሩኝ ከፈለጉ በቀጥታ ይንገሩኝ" አልኳቸው። ሳቁ። መሳቃቸው አናደደኝ።

ሐሙስ
ቀጨኔ ዳገት ላይ የደረጀን እናት አገኘሁ፣ እትዬ አስካለን። ዘንቢላቸውን ተቀበልኳቸው። የልጅዎ የክርስትና ስም ማነው አልኳቸው። ቆሙ። "ምን ሊያደርግልህ?"
"ልጸልይለት።"
አለቀሱ። "ኃይለ ሚካኤል ነው። የምጸልይለት እኔ ብቻ መስሎኝ።"
ስለ ስኳሩ ልነግራቸው ነበር። ተውኩት።

ዓርብ
በስሙ ጸለይኩ። አጭር ነው። ስድብ የለበትም፣ አንድ ብቻ አምልጦኛል።

ከሰዓት የቀበሌው ጥበቃ አዲሱ ገበያ ልብስ መስፊያዬ ድረስ መጣ። "ጓድ ደረጀ ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮ ና ብሎሃል።" እናቱ ነግረውታል ማለት ነው። ዘነበች ብርድ ልብስና በሶ በዘንቢል አዘጋጀችልኝ። "ቁርባኑ ቀረ" ብላ አለቀሰች። ለቁርባኑ ነው ያለቀሰችው፣ ለእኔ አይደለም።

ቅዳሜ
ገባሁ። በሩን ዘጋው። ዘንቢሌን አይቶ "ይሄ ምንድነው?" አለ።
"ስንቅ ነው።"
"ማን ያስርሃል? ስለ እኔ ምን እያልክ ነው የምትጸልየው?"
እውነቱን ነገርኩት፦ መጀመሪያ ከሰስኩህ፣ ትናንት ምሕረት ለመንኩልህ።
ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጄን ትኩሳቱ አልለቅ ብሏታል። እናቴ ደብቃኝ ክርስትና አስነስታታለች፣ ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ጨምራት። ድምፅህን ግን ቀንስ፣ አንተ ስትናገር ጉለሌ በሙሉ ነው የሚሰማው።"
"ስኳሩስ?" አልኩት።
"ውጣ" አለኝ።

እሑድ
አባ ከቅዳሴ በፊት "ቂሙስ?" አሉኝ። "ከሰውየው ጋር ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ ከስኳሩ ጋር ነው" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን አስቆረቡኝ። ዘነበች ከጎኔ ነበረች።

ስንመለስ በነደረጀ አጥር አለፍን። "ግባና ልጅቷን ጠይቃት" አለችኝ ዘነበች። ነጠላ ለብሼ ካድሬ ቤት? አልገባሁም፣ ግን ቆምኩ። ውስጥ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ጮክ ብላ። ጉልበት አላት ማለት ነው። ወይ ደግሞ ብሶባታል። አላወቅሁም። ነገ ጠዋት ስጸልይ ስሟን ከአባቷ አስቀድሜ እጠራዋለሁ።