ኮኩ ቀድሞ የነቃበት ጸደይ

የካቲት 9

ዛፍ ቀን መቁጠሪያ አያይም። መጀመሪያ ብርዱን ይጠግባል፣ ከዚያ ሙቀት ይጠብቃል። ሙቀቱ ቶሎ ከመጣ ቶሎ ይነቃል፤ የነቃ እንቡጥ ደግሞ እንደተኛው ብርድ አይችልም። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስረዳ ተማሪዎቼን "ብርድ ልብሱን የገፈፈ ሰው አስቡ" እላቸው ነበር። እስከ ዛሬም የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጧት ግቢውን ጠረግሁ። ጫማዬን አስጠገንሁ። ከሰዓት በኋላ ሹራብ ለብሶ መቀመጥ አልተቻለም። የኮክ ዛፋችን እንቡጦች አብጠዋል። ገና በየካቲት... ምን አስቸኮለው?

የካቲት 13

ሙቀቱ ቀጥሏል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

"መምህር፣ ፖሜን ገርዤ ጨረስኩ። መቀሱን ላውስዎት?"

"ይቆይ። አሁን ከቆረጥኩት ይባስ ይነቃል።"

"እኔ ሲያድግ ነው የምቆርጠው።"

"ፀጉር ብርድ አይመታውም።"

"ራሰ በራ ሆነው ስለማያውቁ ነው" ብሎ መላጣውን ዳበሰ።

ታላቅ እህቴ እትዬ በወጥ ቤቱ መስኮት ትሰማ ኖሯል። "ተወው፣ የሱ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው" አለችው። እውነቷን ነው። ኮኩ ሁለት ዓመት አላፈራም። አንዱን ዓመት ብርዱ አልበቃውም፣ ሌላውን ዓመት በረዶ አራገፈው። ስለዚህ ተስማምተናል፤ ዘንድሮም ካላፈራ ይቆረጥና በቦታው ለልጇ አንድ ክፍል ይሠራል። ልጇ ሚስቱንና ጨቅላውን ይዞ ወደዚህ ለመመለስ የሚጠብቀው ያንን ክፍል ነው። ግቢው የሁለታችን ነው፤ ሌላ ባዶ ቦታ የለንም። ካፈራ ግን ይኖራል። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የካቲት 20

የእንቡጦቹ ጫፍ ቀላ። አልገረዝኩም። ግንዱ ሥር የነበረውን ድርቆሽ አነሳሁና መሬቱን አጠጣሁ። እርጥብና ገላጣ መሬት የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። አሮጌ አንሶላዎች እያገጣጠምኩ መስፋት ጀመርኩ። ውርጭ ከመጣ ዛፉን ላለብሰው ነው። እትዬ አይታ አይታ መርፌውን ቀማችኝ።

"በዚህ ስፌት ዛፉ ያፍራል እንጂ አያፈራም።"

ራሷ ጨረሰችው። ዛፉ እንዲቆረጥ የምትፈልገው ሴት የዛፉን ልብስ ሰፋች... ምን ይባላል?

ቴርሞሜትሩን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ከመስኮቱ ሆኜ ለማንበብ ይመቻል።

የካቲት 27

ሰማዩ ጠርቷል። ነፋስ የለም። እንዲህ ያለው ምሽት ጥሩ አይደለም። እንቡጦቹ ሊፈኩ ደርሰዋል። ከመተኛቴ በፊት አየሁ፤ ከዜሮ በላይ ስድስት። አንሶላውን አላወጣሁም።

የካቲት 28

ሣሩ ነጭ ሆኖ ነጋ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ አንድ ይላል። እንዴት? ነቅዬ ወሰድኩና ቅርንጫፉ ላይ ሰቅዬ ጠበቅሁ። ከዜሮ በታች ስድስት። ከግድግዳው ወዲያ ምድጃው አለ። ስለዛፉ ግድግዳውን ጠየቅሁት፤ ግድግዳውም ስለ ራሱ በትክክል መለሰልኝ። ተማሪ ቢሠራው በቀይ የማሰምርበት ስህተት ነው።

እትዬ "አንሶላው ምነው?" አለች። "አላወጣሁትም" አልኳት። 

መጋቢት 3

ፈካ። ከላይ እስከ ታች። ዓይን ይሞላል።

ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ዙሪያውን ዞረው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ ነበር። የእርስዎስ ቸኩሎም አላፈሰሰ" አለ። የሱ ፖም ገና ተኝቷል።

ከሄደ በኋላ ጥቂት አበባ ቀጥፌ በምላጭ ሰነጠቅሁ። መካከል ላይ ፍሬ የሚሆነው ነገር አረንጓዴ መሆን ነበረበት። ጥቁር ነው። ከላይ ቀጠፍኩ፣ ከታች ቀጠፍኩ። ጥቁር። አበባው ራሱ ይህን አያውቅም። ይፈካል፣ ንብ ይጠራል፣ ይረግፋል።

ስገባ እትዬ ስልክ ላይ ነበረች። "አይ ልጄ፣ ዛፉ አሸነፈኝ። አበባውን ብታየው... አይ፣ ተነጋግረናል፣ ቃል ቃል ነው። እዚያው ቤት ፈልጉ።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ስልኩን አስቀምጣ መነጽሯን ስትወለውል ቆየች። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

መጋቢት 4

አልነገርኳትም።

መጋቢት 5

ዛሬም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ምናልባት ጥቂት ተርፎ ይሆናል የሚል ነው። ወደ ወጥ ቤቱ የተጠጋውን ቅርንጫፍ ፈተሽኩ። እውነትም አረንጓዴ አገኘሁ፤ ሁለት። ሁለት ኮክ "አፈራ" ያሰኛል? ስንስማማ ስንት ፍሬ እንደሆነ አልተናገርኩም... እንዲህ ያለ ክርክር ይዞ ቢሮዬ የመጣ ስንቱን ተማሪ በመጣበት መልሻለሁ።

ምሳ ላይ እትዬ፣ "አንድ ቤት አግኝተዋል። ፀሐይ አያገኝም አለ። ቅዳሜ ይዋዋላሉ" አለች። ቀጥላ ጨው አቀብለኝ አለች።

መጋቢት 6

ከቁርስ በኋላ አበባና ምላጭ በሳህን ይዤ ገባሁ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"መካከሉን እይው።" ሰነጠቅሁላት።

መነጽሯን አደረገች። "ጠቁሯል።"

"ሁሉም እንዲህ ነው። ሁለት ሲቀር። ውርጩ መትቶታል፣ ዘንድሮ አያፈራም።"

"መቼ አወቅህ?"

"የፈካ ዕለት።"

"ስልክ ሳወራ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አንተ ክፉ።" ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "ዝም ብትል እኮ ማን ያውቅብህ ነበር? ልጁም ይዋዋላል፣ ዛፍህም ይቆማል።"

"አንቺ ቃልሽን ጠበቅሽ።"

"እኔማ ሞኝ ነኝ።" የአበባውን ግማሽ በጣቷ ገልብጣ አየችው። "አንተም ያው ነህ። ከአንድ ሆድ ወጥተህ ሌላ ምን ልትሆን?"

ደውይለት አልኳት።

"አልደውልም። ሰሞኑን ቅሩ ብዬ ዛሬ ኑ ስል ሚስቱ ምን ትላለች? አማቴ ጧት ሌላ፣ ማታ ሌላ ናት ትላለች። ያበላሸኸው አንተ፣ አንተው ጻፍለት።"

መጋቢት 7

አበባው መርገፍ ጀምሯል። የቅጠሉ እንቡጦች ግን ደህና ናቸው፤ ዘግይተው ስለሚነቁ ውርጩ አላገኛቸውም። ዛፉ አልሞተም። የዘንድሮው ፍሬ ብቻ ነው የሞተው።

ለእህቴ ልጅ በስልኬ የላክሁለት፦

"ልጄ፣ እናትህ ቅሩ ያለችህ አበባውን አይታ ነው። አበባው ከውስጥ በውርጭ ሞቷል፣ ዘንድሮ ኮክ የለም። ቴርሞሜትሩን ያለ ቦታው የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ አውቄ ሦስት ቀን ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። እናትህ ምንም አላወቀችም፤ ይህን ለባለቤትህም ንገራት። በስምምነታችን መሠረት ቦታው የእናንተ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ ግንበኞቹ እስከ ሐምሌ ይቆዩልኝ። ያኔ ከአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ዓይን የሚባለውን የቅጠል እንቡጥ አንስቼ ሌላ ችግኝ ላይ አጣብቄ በበርሜል አሳድገዋለሁ። ክፍላችሁ እስኪሠራ ድረስ የእኔን ክፍል ለሦስታችሁ እለቃለሁ፣ ፀሐይ ያገኛል። እኔ ሳሎን ይበቃኛል። ቅዳሜ አትዋዋል። ትመጣላችሁ ወይስ አትመጡም? እናትህ አልደውልም ብላለች፤ ስልኩን ግን ከጧት ጀምሮ ከእጇ አላወረደችም። ዛሬውኑ መልስልኝ።"