ከውስጥ ብቻ የሚከፈት ገጽ

ውድ ፈሂማ፣

ጅጅጋ ደርሰሽ ሥራ መጀመርሽን የንባብ ቤቱ ሠራተኛችን ነጂባ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል ብዬ ብጽፍልሽ ግማሹ ብቻ እውነት ይሆናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በንባብ ቤቱ የቦርድ ሰብሳቢነቴ አይደለም፤ ያ ወንበር ከነስብሰባው አድክሞኛል። አንድ ነገር ሳታውቂ ሄደሻል፤ እኔም ያወቅሁት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው።

ያን ቀን አትረሺውም። አዴ ናፊያ ከአፎቻቸው፣ ከዕድራቸው ሴቶች ጋር ለቅሶ ደርሰው በደጃችን ሲያልፉ አስቆምሻቸውና የቀረጽሽውን ድምፅ በስልካቸው ሰምተውት እንደሆነ ጠየቅሻቸው። «ሰማሁ ልጄ፣ ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉሽ። የትኛውን እንደሰሙ ብትጠይቂያቸው ግን መልሰው ስለ ልጅሽ ጤና ጠየቁሽ። ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። በማግስቱ የመልቀቂያ ማመልከቻሽን ስታስረክቢኝ፣ ሥራሽን ሳይሰሙ «ሰማን» እያሉ ከሚያባብሉሽ ሰዎች መካከል መኖር እንደከበደሽ ነገርሽኝ።

የጀጎልን እናቶች ደጅ እያንኳኳሽ፣ የስፌቱን ስም፣ የሠርጉን ወግ፣ የድሮውን ገበያ እንዴት እንዳስነገርሻቸው እኔ ምስክር ነኝ። ሐሳብሽም ቀላልና መልካም ነበር፤ ድምፆቹ በንባብ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ፣ እዚያው የተተከለው ዌብ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ድምፆቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ ያስተናግዳል፣ በግቢያችንም ሆነ ከግድግዳችን ማዶ ባለው የአፎቻው ቤት ያለ ሰው የእኛን ዋይፋይ ይዞ ያለ ምንም ክፍያ በስልኩ ያዳምጣል። ኋላ ግን ገጹ ለሕዝብ ሳይከፈት በአንድ ሰው ፍላሽ የገባ ቫይረስ የድካምሽን ከፊል በላው። የኮምፒውተር ጠጋኙ አሽረፍ መጥቶ ማሽኑን አጸዳና ጥበቃው የጠነከረ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫነበት፤ ሰርቨሩንም መልሶ ተከለ። እኔና አንቺ እዚያው ማሽኑ ፊት ተቀምጠን ሞከርነው፤ ገጹ ተከፈተ። እኔም በጉባኤ ላይ ቆሜ መከፈቱን ለሕዝቡ አበሠርኩ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቦርዱ ኮምፒውተሩ ለመዝገብ ክፍሉ እንዲሰጥ ወሰነ። ማንም የማያዳምጠው ነገር ለምን ቦታ ይይዛል ተባለ። ደክሞኝ ነበርና አልተከራከርኩም፤ ሰኞ እፈርማለሁ ብዬ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት የንባብ ቤቱ ቢሮዬ ቀለም ሲቀባ ግቢው ውስጥ ያለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ከመፈረሜ በፊት አንዱን ድምፅ እንኳ ልስማ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ገጹ ሲሽከረከር ቆየና ሊገኝ አልቻለም አለኝ። ወደ ውስጥ ገብቼ በማሽኑ ሞከርኩ፤ ተከፈተ። ተመልሼ ወጣሁ፤ እምቢ አለ። ነጂባን ጠርቼ ታውቅ እንደነበር ጠየቅኋት። ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

«ጋሼ፣ እርስዎ በጉባኤ ላይ ተከፍቷል ብለዋል። አልተከፈተም ብለን እርስዎን እናሳፍር?»

«ፈሂማ ስትጠይቅስ?»

«እሷማ ስትጠይቅ ዓይኗ አንጀት ይበላል። ሴቶቹም ስልካችን አርጅቶ ይሆናል ብለው ነው። አንጀቷ እንዳይቆረጥ ሰማን አሏት።»

ፈሂማ፣ እኔ ይህችን ከተማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ እል ነበር።

ከዚያ ጥገናው ተጀመረ። የወጣትነት ዘመኔን የስልክ መስመር ሲበላሽ ስፈልግ አሳልፌዋለሁና፣ ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን ለሌላ ሰው ልተወው አልፈለግሁም። መጀመሪያ ዋይፋዩን ጠረጠርኩ፤ አጥፍቼ አበራሁት፣ ገመዱን ቀየርኩ። ሌሎች ነገሮች በስልኬ ይከፈታሉና ጥፋቱ ከእርሱ አልነበረም። ሰርቨሩ ምናልባት አልተነሣ ይሆናል አልኩ፤ ሥራ ላይ ነኝ ይላል። ድምፆቹ ያሉበትን ፎልደር አዲሱ ሲስተም እንዳያነበው ከልክሎት ይሆን ብዬ ፈቃዱን አየሁ፤ ደኅና ነው። መጨረሻ ላይ ለአሽረፍ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ፋየርዎሉን ጠቅላላ ያጥፉትና ይገላገሉ» አለኝ።

«ሌባ ገብቶበት በር ያስገጠመን ሰው፣ በሩን ንቀል ትለዋለህ?»

ሳቀብኝ። ስቆ ሲያበቃ፣ እንዲያልፉ ከተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች መካከል የሰርቨሩን ስም እንድፈልግ ነገረኝ። ስሙ አልነበረም። የአዲሱ ሲስተም ፋየርዎል ካልተነገረው በስተቀር ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ ሁሉ እንደ ዘበኛ ከደጅ ይመልሳል፤ እኛ ግን የሞከርነው ከውስጥ ሆነን ነበርና የሚመልሰን አልነበረም። ለሰርቨሩ ብቻ፣ ያውም ለራሳችን ኔትወርክ ብቻ፣ ፈቃድ ሰጠሁ። ወደ መደቡ ቀስ ብዬ ወጣሁና ስልኬን ነካሁ። ገጽሽ መጣ።

ነጂባ ወደ አፎቻው ቤት ሄዳ ነገረቻቸው። ብዙም ሳይቆይ አዴ ናፊያ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሻሻቸው ወደ ትከሻቸው ተንሸራቶ መጡ። እኔ ለምስጋና የመጡ መስሎኝ ተነሣሁ።

«ወልዴ፣ ፈሂማን ጥራልኝ፤ አጥፍታለች» አሉ።

ስልኩን አሳዩኝ። ከድምፁ በላይ «ናፊያ» ተብሎ ተጽፏል። የስፌቱን ስም አንድ በአንድ የምትናገረው ሴት ግን ባለፈው ረመዳን ያረፈችው እህታቸው ሶፍያ ናት። ከአጠገቤ ተቀምጠው እንደገና አስጀመሩት፤ እስኪያልቅ ድረስ አብረን ሰማነው።

«እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ኖሮኝ አያውቅም» አሉ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ልጆች ሆነን እንኳ ሰው ቆሞ የሚሰማው እሷን ነበር፤ እኔንማ ዝም በይ ነበር የሚለኝ። አላህ ይርሐማት። እህቴን በእኔ ስም እንዴት ትጽፋታለች?»

ፈሂማ፣ ብዙ ዘመን በሕዝብ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ቅሬታ ሲቀርብልኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በትሕትና ያልተሸፈነ የመጀመሪያው ቃል ነበር፤ የምትናፍቂው ቃልም እርሱ ይመስለኛል።

ሰኞ ቃለ ጉባኤውን ሳልፈርም መለስኩት። ቦርዱ ምክንያቴን ሲጠይቅ መልሱን አብረውኝ ለመጡት ለአዴ ናፊያ ተውኩላቸው፤ ድምፁንም አሰሟቸው። ኮምፒውተሩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ስሙን ማረም ቀላል ነው፤ አሽረፍም እኔም እንችላለን። አዴ ናፊያ ግን የጻፈችው ራሷ መጥታ ታቅናው ብለዋልና አልነካነውም። ኑሮሽን ጥለሽ ነዪ የማለት ሥልጣንም ልብም የለኝም፤ ለእረፍት ስትመጪ ጎራ ብትዪ ይበቃናል። እስከዚያው በየቀኑ እየመጡ እህታቸውን ያዳምጣሉ፤ ሲጨርሱም «አሁንም ናፊያ ነው የሚለው?» ብለው ይጠይቁኛል።

አዎ፣ እላቸዋለሁ፤ አሁንም ናፊያ ነው የሚለው።

ከመደቡ ላይ ሆኖ መምጣትሽን የሚጠባበቅ፣
ወልደ ጊዮርጊስ
ሐረር